ለእማዬ የተለቀቀ ግማሽ ቁም ሳጥን

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ገጣሚ ነኝ ብዬ ራሴን የሾምኩት እኔው ነኝ፤ ያስተማረኝም የመረቀኝም የለም። ሚኒሶታ፣ ሻኮፒ ከተማ በሚገኝ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያሸግኩ፣ በእረፍት ሰዓቴ ስልኬ ላይ ስንኝ እጽፍ ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ሥራ እቀያይራለሁ፣ ቤት እቀያይራለሁ፣ ከሰው ጋር ቶሎ ተግባብቼ ቶሎ እጣላለሁ። በመጨረሻ ያረፍኩት ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ አስካለ ቤት ነው።

አስካለ ዘመዴ አይደለችም። የአሰላ ልጅ ናት፤ ከእኔ በብዙ ዓመት ትበልጣለች። አቅመ ደካማ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትንከባከባለች። ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንቷን ብቻዋን መክፈል ስለከበዳት አንዱን ክፍል ለእኔ አከራየችኝ። ስትደሰትብኝ «ባለቅኔው» ትለኛለች፤ ሳህን ሳላጥብ ሥራ ስሄድ ደግሞ «አንተ ልጅ»።

ስለ አስካለ ማወቅ ያለባችሁ ዋናው ነገር ልብሷ ነው። በዚህ ከተማ በረዶው ሲቀልጥ ቅዳሜ ሁሉ ሠርግ ነው፤ አስካለ ደግሞ ያልቆመችበት ሠርግ የለም። አንዷ ሙሽራ ሚዜዎቿን ሐምራዊ ታለብሳለች፣ ሌላዋ ወርቃማ፣ ሌላዋ ስሙን እንኳ የማላውቀው ቀለም። ሁሉም ቀሚስ አንድ ቀን ይለበስና ቁም ሳጥን ይገባል። የሐበሻ ቀሚሱ፣ የልደቱ፣ የኮንሰርቱ፣ ተረከዙ እንደ ሚስማር የቀጠነው ጫማ ሲጨመርበት በሩ አይዘጋም ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ኑሮዋ ተለወጠ። ለረጅም ጊዜ ስትጠብቀው የነበረው የእናቷ ቪዛ ወጣ። ቲኬት ተቆረጠ። እማማ ጌጤ ከፋሲካ በኋላ ሊመጡ ነው። አስካለ የቅዳሜ ማምሸት አቆመች፣ ጾም ያዘች፣ ለእናቷ ወፍራም ካፖርትና ከዥንጉርጉር ሱፍ የተሠራ የእግር ሹራብ ገዛች። «እስካሁን የራሴ ነበርኩ፤ ከእንግዲህ የሰው ልጅ ልሆን ነው» አለችኝ። እናቷ የሚተኙት ከእሷ ጋር፣ እሷው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ የቁም ሳጥኑ ግማሽ መለቀቅ ነበረበት። የሚለቀቅበት ቀንም ተቀጠረ፤ እሑድ።

እሑድ በረዶ ወረደ። በሁዳዴ መጨረሻ፣ ሰው ቀለል ያለ ጃኬት ባወጣ በሳምንቱ፣ መኪናው ሁሉ የተቀበረ ሬሳ መሰለ። ቤተ ክርስቲያን ዛሬ አገልግሎት የለም ተባለ። እኔም ሻኮፒ ድረስ ድራይቭ የማደርግበት መንገድ ስለሌለ አልጋዬ ውስጥ ነበርኩ፤ ስልኬ ጮኸ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው።

«ዮሴፍ ነህ?»

የአስካለ ታላቅ ወንድም ታደለ ነው። በቪዲዮ አልፎ አልፎ ሰላም ከመባባል በቀር ደውሎልኝ አያውቅም።

«አዎ ታደለ፣ ሰላም ነው?»

«አስካል አጠገብህ አለች?»

«ክፍሏ ናት። አልተነሳችም መሰለኝ።»

«እንግዲያው ውጣ። ከቤት ውጣና አናግረኝ።»

በነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ወጣሁ። የሚለውን ከመስማቴ በፊት አውቄው ነበር። የማይደውልላችሁ ሰው ደውሎ ውጣ ሲላችሁ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«እማዬ አረፈች» አለ። «ከቅዳሴ መልስ ትንሽ ደከመኝ ብላ ጋደም አለች። በቃ፤ እንደዚያው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ለጋሽ ደሜ ነግሬዋለሁ፣ ሰው ይዞ ይመጣል። እስከዚያ ምንም እንዳትሰማ። አደራህን ዮሴፍ። ብቻዋን ብትሰማ ትጎዳብናለች።»

«እሺ» አልኩ።

«እሺ» ያልኩት እኔ፣ ከጥቂት ወራት በፊት በመርዶ ላይ የሚያላግጥ ግጥም ፌስቡክ ላይ ለጥፌ ግማሽ የሚኒሶታ ሐበሻ የሰደበኝ ሰው ነኝ። ሞትን ከባለቤቱ የሚደብቅ ሕዝብ ብዬ ጽፌ ነበር። ደረጃው ላይ በነጠላ ጫማ ስቆም ያ ሁሉ ድፍረት የት እንደገባ እንጃ።

ወዲያው ጋሽ ደሜ ደወሉ። የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ ብሩክሊን ሴንተር ይኖራሉ። አገር ቤት መርዶ በማለዳ ይነገራል፤ እዚህ ግን ሰው ከሺፍት ሲወጣ ነው።

«ልጄ፣ መንገዱ እስኪጠረግ ነው። ከምሳ በፊት እንደርሳለን። ከዓይንህ እንዳትለያት፣ ስልኳንም ጠብቅ። ሰው ዛሬ ነፍስ ይማር ለመለጠፍ ይቸኩላል።»

ቤት ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ዋይፋዩን መንቀል ነው። ሁለተኛው ፊቴን መታጠብ። ከመታጠቢያ ቤቱ ስወጣ አስካለ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

«ባለቅኔው! ሥራ የለህ፣ ቤተ ክርስቲያን የለህ። ዛሬ አታመልጠኝም። ና፣ ክሎዜቴን ልናራግፍ ነው።»

«ዛሬ ይቅር፣ ቀዝቃዛ ነው።»

«ልብስ ለማጣጠፍ ሙቀት ማን ጠየቀህ? ና!»

ሄድኩ። ምን ማድረግ እችላለሁ? ከዓይንህ አትለያት ተብያለሁ።

«ሕጉ እንዲህ ነው» አለች፣ መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ እየተቀመጠች። «አንተ አንድ አንድ እያወጣህ ታሳየኛለህ። እኔ እማዬ ምን እንደምትል እነግርሃለሁ። እማዬ የምትወደው አልጋው ላይ፤ የምትችለው ወንበሩ ላይ፤ ብታየው የምትሞተው ከረጢቱ ውስጥ።»

ዞር ብዬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ራሴን ከተትኩ። ልብስ የምመርጥ መስዬ ትንሽ ቆየሁ።

መጀመሪያ እጄ የገባው ጀርባው ክፍት የሆነ ቀይ ቀሚስ ነው። አስካለ ድምፅዋን አወፍራ፣ አገጯን ወደ አንገቷ አስገብታ እናቷን ሆነች።

«"ጀርባው የት ሄደ? ጨርቅ አልቆባቸው ነው?" ወደ ከረጢት!»

ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ አወጣሁ።

«"ውይ ልጄ፣ አሜሪካም ልብስ ያልቃል እንዴ? ነይ ልጣፍልሽ" ብላ መርፌዋን ታወጣለች። ወደ ከረጢት፣ ጉድ ሳላይ!»

የሥራ ልብሷን፣ ሰማያዊውን፣ ከነሱሪው አወጣሁ።

«እሱን አልጋው ላይ! እሱንማ ትወደዋለች። "ልጄ ነርስ ናት" ብላ ለአሰላ ሕዝብ አውርታ ጨርሳለች። ነርስ አይደለሁም እማዬ፣ ገላ ነው የማጥበው ስላት "ያው ነው" ትለኛለች።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሷ ስትስቅ ካልሳቅሁ ይነቃብኛል። ደግሞ ልንገራችሁ፣ የምር የሳቅሁበትም ጊዜ ነበር። እማማ ጌጤን አግኝቻቸው አላውቅም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ቁጭ ብለው ልብስ የሚያዩ ያህል አወቅኋቸው። አስካለ አንድ ልብስ ባየች ቁጥር እናቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። እኔ ልብስ ባወጣሁ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር አወጣባቸዋለሁ። ቁም ሳጥኑ እንዳያልቅ ቀስ እያልኩ ማውጣት ጀመርኩ።

መሃል ላይ ስልኳን አነሳች። «ቆይ፣ እሑድ አይደል? ልደውልላት።»

ኢንተርኔቱ እምቢ ሲላት በጥሪ ካርድ ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። እንደገና ደወለች።

«አታነሳም» አለችና ራሷ መልሱን ሰጠች። «የሁዳዴ እሑድ፣ ማታም ጸሎት ብላ ትሄዳለች። ስልኳን ደግሞ ትራስ ሥር ነው የምትተወው። ስንት ጊዜ ተናገርኩ!»

«አዎ፣ ጸሎት ይሆናል» አልኩ። ከዚያ ቀን ንግግሬ ሁሉ የምጸጸትበት ካለ ይቺ ናት። ዝም ማለት እየቻልኩ አጨበጨብኩላት።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ደሜ መስለውኝ ሮጬ ከፈትኩ። ዘሃራ ናት፣ ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን። የደሴ ልጅ ናት፤ ቤቷ ሕፃናት ትጠብቃለች። አስካለና እሷ ቁልፍ የተለዋወጡ ጓደኛሞች ናቸው። ዓይኗን ሳየው እሷም እንደ ሰማች አወቅሁ፤ ጋሽ ደሜ ሳይደውሉላት አልቀሩም።

«አለች?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አለች። ፊትሽን አስተካክዪ።»

«ያ ረቢ፣ እንዴት አድርጌ!»

«ዘሃራ ናት?» ብላ አስካለ ከውስጥ ጮኸች። «ነይ ነይ! ላንቺ ያስቀመጥኩት አለ!»

ዘሃራ ገባች። አስካለ ከክምሩ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ እጅጌው ረጅም አረንጓዴ ቀሚስ መዝዛ አወጣችና ደረቷ ላይ ለጠፈችባት።

«ይሄ ያንቺ ነው። እኔ አንድ ቀን ለበስኩት፤ አንቺ ለኢድ ትለብሽዋለሽ። እዪው እስቲ ዮሴፍ፣ አላማረባትም?»

ዘሃራ ቀሚሱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ከዚያ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ።

አስካለ አፍጥጣ አየቻትና በሳቅ ፈነዳች። «እናንተ! ለቀሚስ የምታለቅስ ሴት ዛሬ አየሁ! ይህን ያህል ከወደድሽው እስካሁን ለምን አልሰረቅሽኝም?»

«በጣም... በጣም አማረኝ» አለች ዘሃራ። «ሕፃኑን ብቻውን ትቼው ነው የመጣሁት፣ ልሂድ።»

እስከ በር ሸኘኋት። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ከረጢቱን አይቼዋለሁ። ጥቁር ልብሷን ሁሉ እያስጣለችህ ነው። እንዳታወጣው! ሰዎቹ ሲመጡ ምን ልትለብስ ነው? በዚህ በረዶ ከየት ይመጣል? ለይተህ አስቀምጥላት፣ ነግሬሃለሁ።»

እውነቷን ነው። ስመለስ አስካለ ጥቁሩን እየለየች ነበር።

«ጥቁር የሆነ አንድም አይቀርም» አለች። አሁን አልሳቀችም። «አባዬ የሞተ ጊዜ እማዬ ጥቁር ለበሰች፤ ከዚያ አላወለቀችውም። እኛን ግን፣ ልጆች ሆነን፣ ጥቁር ሹራብ ለብሰን እንኳ ከፊቷ ከቆምን ታባርረን ነበር። "ጥቁሩን እኔ ለብሼላችኋለሁ፤ እናንተ አትልበሱ" ትላለች። እዚህ አገር ደግሞ ደህና ነገር ሁሉ ጥቁር ነው። እየው፣ ሳላውቀው ስንት ገዛሁ!»

አንድ ሙሉ ከረጢት ሆነ። ጫፉን አሰረችና ሰጠችኝ። «መኪናዬ ውስጥ ክተተው፤ በረዶው ሲያቆም የልብስ ዶኔሽን ሳጥኑ ውስጥ እንጥለዋለን።»

ከረጢቱን ተሸክሜ ወጣሁና ደረጃው ላይ ፈታሁት። ምን እንደሚያስፈልግ ማንም አልነገረኝም፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። እጅጌው ረጅም የሆነውን ተራ ቀሚስ አወጣሁ። ጥቁር ሹራብ አወጣሁ። ጥቁር ሻሽ አወጣሁ። ተረከዝ የሌለው ጫማ አወጣሁ። ወደ ክፍሌ ሹልክ ብዬ አልጋዬ ጥግ አጣጥፌ አስቀመጥኩ። ከዚያ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላዋን አየሁ፤ እሱንም አምጥቼ ከላይ ደረብኩበት። በጣም ያሰብኩላት መስሎኝ ነበር።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ጋሽ ደሜ ደወሉ፤ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አነሳሁ።

«ልጄ፣ መኪናችን ተቀርቅሯል። የሚጎትት እየጠበቅን ነው። እንዴት ናት?»

«ጋሼ፣ እየሳቀች ነው።»

«ትሳቅ» አሉ። «ትሳቅ ልጄ። አንተ ብቻ ጠንክር።»

«ጋሼ፣ እኔ አልቻልኩም። ልንገራት።»

«ተው! ብትወድቅ ማን ያነሳታል? አምቡላንስ እንኳ አይደርስም። ተው ልጄ፣ ተው።»

ስመለስ ክፍሏ ውስጥ የለችም። ኩሽናም የለችም። የእኔ ክፍል በር ተከፍቷል።

«የልብስ ሃንገር ልወስድ ገብቼ ነው» አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። አልጋዬ አጠገብ ቆማለች። ቀሚሱን አንስታ ይዛዋለች። ፊቷን ስታዞር ፈገግ ብላለች።

«አንተ ሌባ! ከከረጢቱ ሰርቀህ ነው? ለማን ልትሰጥ ነው? ሴት አለችህ፣ አይደል? ንገረኝ፣ ማን ናት?»

መውጫ በር ራሷ ከፈተችልኝ። «አለች» አልኩ። «የሥራ ጓደኛዬ ናት።»

«ሐበሻ?»

«ሐበሻ።»

«ታዲያ ደህናውን ትተህ ይህን አሮጌ ልብስ ትሰጣታለህ? ገጣሚ ስትባሉ እኮ...» እያለች ሹራቡን አነሳች። ሻሹን አነሳች። አየችው። ጫማውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ነጠላው ላይ እጇ ቆመ።

ነጠላው ነጭ ነው። ነጠላው ከከረጢቱ የወጣ አይደለም።

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀረ፤ እሷ ግን ከሥሩ ሄደች። እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። አልጋዬ ላይ የተዘረጋውን ሁሉ፣ ከሻሹ እስከ ጫማው፣ ቀስ ብላ በዓይኗ ወረደችበት። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ልብስ አልነበረም ያስቀመጥኩት። አንዲት ለቅሶ ላይ የተቀመጠች ሴት ሠርቼ አልጋዬ ላይ አስተኝቻት ነበር።

«ማን ነው?» አለች።

ነጠላውን ላነሳው እጄን ዘረጋሁ።

«ዮሴፍ። ማን ነው? ታደለ ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ታደለ አይደለም ማለቴ ነበር። እሱን ስል ሌላውን መናገሬ መሆኑ የገባኝ ፊቷን ሳየው ነው።

ቁጭ አለች፣ አልጋው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ። እጇ አፏን ያዘ። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም። ወደ እሷ ልጠጋ ስል በመዳፏ ከለከለችኝ።

«እነማን ናቸው የሚመጡት?» አለች።

«ጋሽ ደሜ። ሰው ይዘው። መኪናቸው በረዶ ውስጥ ተይዟል።»

«ጠዋት ነው የሰማኸው?»

«ጠዋት።»

ቀና ብላ አየችኝ። የሆነ ነገር ብትለኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ጫማውን አንስታ ብትወረውርብኝ በወደድኩ።

«አስካል፣ አልቅሺ» አልኳት። «ዘሃራን ልጥራት?»

«አትጥራ። አሁን ከጀመርኩ አላቆምም። ሰው ሳይኖር አልጀምረውም።» ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «ለጋሽ ደሜም እንዳትነግረው። ሽማግሌ ሰው በዚህ ሁሉ በረዶ መጥቶ አውቄያለሁ ልበለው? ሊነግረኝ ነው የመጣው። ይንገረኝ።»

ተነሳች። ቀሚሱን፣ ሹራቡን፣ ሻሹን መልሳ አጣጥፋ ትራሴ ሥር ከተተችው። ነጠላዋን ብቻ ወሰደች። ክፍሏ ገብታ ከአልጋው ላይ፣ እናቷ የሚወዱት ከተባለው ክምር ውስጥ፣ ቢጫ ሹራብ መርጣ ለበሰች። ፊቷን ታጠበች። ከዚያ መሬት ተቀምጣ የጀመርነውን ልብስ ማጣጠፍ ቀጠለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ አንድ ታጣጥፋለች፣ እኔ አንድ። የትኛው አልጋ ላይ፣ የትኛው ከረጢት ውስጥ እንደሚገባ አሁን የሚናገር አልነበረም። ዝም ብለን አንዱን በአንዱ ላይ ደረደርን። ውጭ የበረዶ መጥረጊያው መኪና ድምፅ ሲቀርብ ሁለታችንም ቀና እንላለን፤ ሲያልፍ እንደገና እናቀረቅራለን።

በመጨረሻ ደረጃው ላይ ብዙ እግር ተሰማ። ከጫማቸው በረዶ ሲያራግፉ፣ ሲያስሉ፣ እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ። አስካለ ሄዳ በሩን ራሷ ከፈተች።

«ውይ ጋሽ ደሜ! በዚህ በረዶ? ምነው፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?»

ድምፅዋ ውስጥ አንድም ስንጥቅ አልነበረም። ጋሽ ደሜ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላቸው ሴቶች፣ ወንዶች፣ ከሁሉ ኋላ ዘሃራ። ክፍሉ ሞላ። ማንም ካፖርቱን አላወለቀም።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ ጋሽ ደሜ። ሁለት ሴቶች ከግራ ከቀኝ ተቀመጡ። «ከቤት ደውለው ነበር። እናታችን ትንሽ አመም አድርጓቸው...»

«ምን ሆነች?» አለች አስካለ። በሰዎቹ ትከሻ መሃል አየችኝ።

«ሐኪም ቤት ወስደዋቸው...» ሽማግሌው ቆሙ። ከብሩክሊን ሴንተር ጀምሮ በመኪና ውስጥ የተለማመዱት ሁሉ ጠፋባቸው። አስካለ እጃቸውን ያዘች። እውነት እላችኋለሁ፣ እሷ ናት የረዳቻቸው።

«ጋሼ፣ ይንገሩኝ» አለች በለሆሳስ። «ግድ የለም።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ።»

ከዚያ ጮኸች። ከቀትር ጀምሮ የያዘችው ጩኸት በአንድ ጊዜ ወጣ። ሴቶቹ ደረቷን እንዳትመታ እጆቿን ያዙ፤ ዘሃራ መሬት ላይ ተደፍታ እግሯን አቀፈች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እጄ ምንም የሚይዘው ነገር አልነበረውም። አንድ ሰው ጥቁር ልብስ ሲጠይቀኝ ብቻ ሄጄ ከትራሴ ሥር አምጥቼ ሰጠሁ፤ ወዲያው መገኘቱ ማንንም አላስገረመም።

ጋሽ ደሜ ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «ጎበዝ ልጅ ነህ። ጠብቀሃታል» አሉኝ።

ይኸው ነው የሆነው። ቀብሩ በማግስቱ አሰላ ተፈጸመ፤ እሷ አልደረሰችም። ሰው ለሳምንታት ቤታችንን ሞላው፣ ከዚያ ሰው እንደሚያደርገው ወደየሥራው ተመለሰ።

አንድ ማታ፣ ከአርባው በኋላ፣ ኩሽና ውስጥ ሻይ እየጠጣን ሳለ አስካለ ድንገት ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን ጠዋት ብዙ ሳቅሁ?»

ልዋሻት አልፈለግሁም። «ሳቅሽ።»

«እሷ ሞታ እኔ ስስቅ አየኸኝ» አለች። ወቀሳ አልነበረም። ሂሳብ እንደሚያጣራ ሰው ነው ያለችው። «ዘሃራም አየችኝ። ቀሚስ ልበሺ እያልኩ።»

«እኔ እኮ እንዳትጎጂ...»

«አውቃለሁ። ክፉ አላሰብክም። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።» ብርጭቆዋን አዞረችው። «ብቻ አየኸኝ።»

አንባቢዎቼ፣ ስለ መርዶ ያን ግጥም የጻፍኩት ሰው ትክክል ነበር ወይስ ጋሽ ደሜ? እኔ ዛሬም አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው የሚጨነቁት፤ ሰው ሲወድቅ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። እውነት አላቸው። ግን ከሚያውቅ ሰው ፊት ሳያውቁ መሳቅ ምን እንደሆነ ማን ያሰበው አለ? ያን ሰዓት ለአስካለ የሰጠናት መስሎን ነበር። ለካ ወስደንባታል፤ ከእናቷ ጋር የኖረችውን የመጨረሻ ጠዋት እኛ ተመልካች ሆነን አበላሸንባት። ቶሎ ብነግራት ኖሮስ? ያን ጠዋት ጭራሽ ባልኖረችው ነበር። ሁለቱንም ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ሁለቱም መንገድ ይዘጋብኛል። እንዲህ ያለ አደራ ደርሶባችሁ የሚበጀውን ያወቃችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ያን ግጥም አጥፍቼዋለሁ፤ በምትኩ ግን የጻፍኩት የለም።

ወንድሜን ግን አንድ ነገር ለምኜዋለሁ። መርዶ የምሰማበት የእኔ ተራ ሲደርስ መጋዘን ውስጥ ብሆን፣ መንገድ ላይ ብሆን፣ ብቻዬን ብሆን፣ ወዲያው ንገረኝ አልኩት። «እሺ» አለኝ። እሺ አባባሉን አውቀዋለሁ፤ እኔም ደረጃው ላይ እንደዚያው ነው ያልኩት።

የቤቱ ውል ሲያልቅ አስካለ ብሩክሊን ሴንተር ትንሽ ስቱዲዮ ተከራየች። አልተጣላንም። ዕቃዋን ያጓጓዝኩላት እኔ ነኝ፤ ስንለያይ መርቃኛለች። አሁንም በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። ሥራዬን ትጠይቃለች፣ አግባ ትለኛለች፣ ትንሽ እንቀላለዳለን። ቪዲዮውን ግን አታበራም።